የወንድሜ ቀኝ ዓይን

ወንድሜ ጣውላ ቀጥ ማለቱን የሚያየው በቀኝ ዓይኑ ነበር። ጣውላውን በአንድ ጫፉ ይዞ ወደ ፊቱ ያነሣል፤ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቀኙን ከጠርዙ ጋር አስተካክሎ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ያያል። ጠማማ ከሆነ በአፍንጫው ይተነፍስና ወደ ጥግ ይጥለዋል። ቀጥ ያለ ከሆነ ወደ እኔ ይወረውረዋል። እኔ መያዝ አለብኝ። ካልያዝኩት ይመታኛል።

ስንት ጊዜ እንደመታኝ አላውቅም። በምን በምን እንደመታኝ ግን ዛሬም መዘርዘር እችላለሁ፤ በብረት ሜትር፣ በመጋዝ እጀታ፣ በእርጥብ ገመድ፣ በሞራሌ እንጨት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙጫ በሚፈላበት ጣሳ፣ ሙጫው ከነትኩሳቱ። የሙጫው ጠባሳ ግራ ክንዴ ላይ አለ። ርዝመቱ አራት ሳንቲሜትር ነው።

አባታችን ሲሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ ሃያ አንድ። እናታችን ባል አግብታ ወደ ቢታ ገነት ስትሄድ እኔን ወደ ቦንጋ ያመጣኝ እሱ ነው። ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ በቆርቆሮ የከደናት የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችው። ከዚያች ቤት አበላኝ፣ አለበሰኝ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል አስተማረኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ትምህርት ምስማር ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከስልኬ ነው ያገኘሁት። ጋሼ ነው የምለው። እየመታኝም ጋሼ እለው ነበር።

እሱ መጻፍ አይወድም። የአንድ ቤት ሰባት መስኮትና አራት በር ለክቶ ሲመለስ ወረቀት አይዝም፤ ሁሉም ልኬት በጭንቅላቱ ነው። ሺሺንዳ ሄዶ የለካውን ከሳምንት በኋላ ቦንጋ ቁጭ ብሎ ይቆርጣል፤ ሲገጠምም ልክ ይመጣል። ደንበኞቹ በዚህ ይደነቁበት ነበር። እኔ ግን ከኋላው እየሄድኩ በእርሳስ እጽፍ ነበር። እንደምጽፍ ያወቀ ቀን በገመድ ገርፎኛል።

የተጣላነው ክረምት ላይ ነው። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አንድ መምህር በር ከነመቃኑ አሠርቶ ሊወስድ መጥቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። እኔ መቃኑን ከላይም ከታችም ለካሁት። ድጋሚ ለካሁት። ከዚያ በደንበኛው ፊት ተናገርኩ፤ ከታች አንድ ሳንቲ ከግማሽ ይጠባል አልኩ። መምህሩ ሳቀና ወንድሜን ትከሻውን መታ አደረገው።

«እንግዲህ ጌታው፣ ወንበሩን ለልጁ ልቀቅለት» አለው።

ሰውየው ክፋት አልነበረበትም። ቀልድ ነው። ወንድሜም ፈገግ አለ። ሜትሩን እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። በዚያው ሜትር አፌን መታኝ። የታችኛው ከንፈሬ እስከ ጥርሴ ተሰነጠቀ። ሳጎነብስ ሞራሌ አነሣና ጀርባዬን፣ ከዚያ ጭንቅላቴን ለመሸፈን ያነሣሁትን እጄን መታ። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ስትሰበር ድምፅዋን በዝናቡ መካከል ሰማሁት። መምህሩ «ተው፣ ተው በሕግ አምላክ» ይላል፤ በመካከላችን ግን አልገባም። ሰጋቱራው ላይ ወደቅሁ። በእግሩ ጎኔን ሁለት ጊዜ ረገጠኝ። ለሦስተኛው እግሩን ሲያነሣ ግራ እጄ አንድ ቁራጭ ሞራሌ ላይ አረፈ። አርባ ሳንቲሜትር ያህል ትሆናለች፤ እኔው ራሴ ጠዋት የቆረጥኳት ናት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት። ከታች ወደ ላይ። የእንጨቷ ማዕዘን ቀኝ ዓይኑ ላይ አረፈ። ድምፁ ከባድ አልነበረም፤ እርጥብ ነገር መሬት ላይ ሲጣል እንደሚሰማው ያለ ነው። ወንድሜ አልጮኸም። በሁለት እጁ ፊቱን ያዘና በጉልበቱ ተንበረከከ። በጣቶቹ መካከል ደም መጣ። እኔ ያኔ ማቆም እችል ነበር፤ አቁሜያለሁም። ነገር ግን እንጨቷን ድጋሚ አንሥቼ እንደነበር ልክድ አልችልም። ከእጄ የነጠቀኝ መምህሩ ነው።

ከንፈሬ ጤና ጣቢያ ተሰፍቶ ፖሊስ ጣቢያ ሦስት ቀን አደርኩ። መርማሪው ነገሩን በሰከነ ድምፅ አስረዳኝ። የዓይኑ ሁኔታ በሕክምና ማስረጃ ይመጣል። ዓይኑ ደህና ከሆነ ቀላል ጉዳት ነው፤ ወንድማማቾች ናችሁ፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ያልቃል። ዓይኑ ከጠፋ ግን ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ እርቅም ቢኖር ክሱ አይቀርም፣ ዓመታት ያስቀጣል። ይህንኑ ለወንድሜም እንደነገረው ኋላ ነው ያወቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ፖሊስ ሁለታችንንም ለሕክምና ማስረጃ ወደ ሆስፒታል እንዲወስደን ወንድሜ ከሚስቱ ጋር ወደ ጣቢያው መጣ። እብጠቱ ጎድሏል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ቀይ ነው። ግቢው ውስጥ ስንጠብቅ ለሚስቱ ቀስ ብሎ ሲነግራት ሰማሁ። ከትናንት ጀምሮ ከላይ ጥቁር መጋረጃ እየወረደ ነው አላት። ለሐኪሙ ንገር ስትለው ትቷት ወደ ቢሮው ገባ። ሲገባም ሲወጣም በቀኝ ትከሻው በሩን ገጨ። በር የሚሠራ ሰው ነው።

የዓይን ምርመራው ክፍል ጠባብና ረጅም ነው። በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ሰሌዳው ተሰቅሏል፤ በወዲህኛው ጫፍ መሬቱ ላይ ነጭ መስመር ተሠምሯል። ሴራሚኩ እያንዳንዱ ሠላሳ ሳንቲሜትር ነው፤ ከመስመሩ እስከ ግድግዳው ሃያ ቆጠርኩ። ስድስት ሜትር፣ ልክ። በእጄ ላይ ካቴና እያለ ይህ ደስ አለኝ።

ሰሌዳው ላይ ያለው አንድ ዓይነት ምልክት ነው፤ ባለ ሦስት ጥርስ ሹካ የሚመስል፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን የዞረ። ላይኛው ረድፍ አንድ ትልቅ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቁጥሩ እየበዛ መጠኑ እያነሰ ይወርዳል። የምትመረምረው ሲስተር ከሰሜን ተመድባ የመጣች ናት። በአንድ እጇ ረጅም ዱላ ይዛ ሹካዋን ቶክ ታደርጋለች፤ ታማሚው የጥርሱን አቅጣጫ በእጁ ያሳያል። አንዷ ረዳቷ ደግሞ ከታማሚው ጎን ቆማ አንድ ዓይኑን በካርቶን ትሸፍናለች።

ችግሩ የአግዳሚ ወንበሩ ቦታ ነበር። ተረኞች የሚቀመጡት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከነጩ መስመር አጠገብ፣ ሰሌዳውን እያዩ ነው። እኛ አገር ደግሞ ሰው ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። ከቢታ የመጡ አንዲት እናት በሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲያመነቱ ወንበሩ በሙሉ በካፊኖኖ ቋንቋ «ወደ ታች፣ ወደ ታች» ይላቸዋል። ሲስተር ትቆጣለች፤ አታግዙ፣ ይህ የእሳቸው ዓይን ነው ትላለች። ወንበሩ ዝም ይላል፤ እጆች ግን በየጉልበቱ ላይ ቀስ ብለው ወደ ታች ይጠቁማሉ። ከደካ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሲስተርን ይህን ማበጠሪያ ማን ነው እንዲህ እያገላበጠ የሰቀለው፣ ቀጥ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት ሁላችንም አናልፍም ወይ ብለው ጠየቋት። እሷም ሳቀች። ከፖሊሱ በቀር ያልሳቀው ወንድሜ ብቻ ነበር። እሱ ሰሌዳውን ያያል። ከአንድ ሰዓት በላይ በደህናው ዓይኑ ሰሌዳውን አየ። ከንፈሩ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር። ልኬት ሲይዝ ከንፈሩ እንዲያ ነው።

ሽማግሌው በደንብ እንደማያዩ ሲታወቅ ሲስተር ጠብታ ጨመረችላቸው፤ ቆይታ በመብራት ዓይናቸውን ውስጡን አየች። ከእሳቸው በፊት በደንብ ያየውን ወጣት ግን በጠብታም በመብራትም አላየችውም፤ ደህና ነህ ብላ ሸኘችው። ይህን ልብ አልኩ። የሚያልፍ ዓይን ውስጡ አይታይም።

የወንድሜ ተራ ደረሰ። መስመሩ ላይ ቆመ። ግራ ዓይኑ ተሸፈነ። ሲስተር ትልቁን ሹካ ቶክ አደረገች። ወንድሜ እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋ። ትክክል። ሁለተኛው ረድፍ፣ ቶክ፣ ቶክ። ላይ፣ ግራ። ትክክል። ሦስተኛው ረድፍ ትክክል። አራተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ሳለችና ሲስተር ያንኑ ሹካ ደግማ ነካችው። ሹካው አልተለወጠም። የወንድሜ እጅ ግን ከታች ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ቀኝ የዞረው የሚቀጥለው ሹካ ነው።

«ቅድም ያልከው ልክ ነበር» አለችው ሲስተር። እሱም ራሱን ነቀነቀና ካለበት ቀጠለ።

ያኔ ገባኝ። ዱላውን አያይም። ድምፁን ነው የሚከተለው። ሲስተር ሁልጊዜ ከላይ ጀምራ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምትሄደው፤ እሱ ደግሞ ከስድስተኛው ረድፍ እስኪደርስ ሃያ አንድ አቅጣጫ በጭንቅላቱ ይዟል። የሰባት መስኮት ልኬት ለሚይዝ ሰው ይህ ምንም አይደለም።

በስድስተኛው ረድፍ አቆመች። ወረቀቱ ላይ ስድስት በዘጠኝ ብላ ጻፈች። ፖሊሱ ለመዝገቡ ትርጉሙን ጠየቃት። የላይኛው ቁጥር እሱ የቆመበት ርቀት ነው አለችው፤ የታችኛው ደግሞ ጤነኛ ዓይን ያንኑ ረድፍ ቆሞ የሚያይበት ርቀት ነው። ጤነኛ ሰው ከዘጠኝ ሜትር የሚያየውን እሱ ከስድስት ያያል፤ ለተመታ ዓይን በጣም ጥሩ ነው። መቅላቱ በራሱ ይጠፋል፣ ሕመም ካለህ ተመለስ አለችው።

ፖሊሱ ጉልበቴን በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ተገላገልክ» አለኝ።

ተገላግዬ ነበር። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ለመምታት እጇ ወደ መሳቢያው ሄዶ ነበር። ዝም ብል በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ያስታርቁናል፤ እኔ ወደ ሥራ ቤቷ እመለሳለሁ፤ መጋረጃው ደግሞ እየወረደ ወርዶ ይዘጋል። የሚዘጋው ጣውላ የሚያይበት ዓይን ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ደግነት አይደለም። ልኬቱ ስሕተት ነበር። የተሳሳተ ልኬት ሲጻፍ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ከንፈሬ የተሰነጠቀውም በዚሁ ነው።

«ሲስተር» አልኳት፣ «ግድግዳውን ይምቱት።»

ፖሊሱ ማን ጠየቀህ ብሎ ካቴናውን ጎተተኝ። ሲስተር ግን ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወንድሜን አየችው፤ እሱ ገና መስመሩ ላይ ነበር። ማኅተሙን አስቀመጠች። ረዳቷን ግራ ዓይኑን ድጋሚ ሸፍኚው አለቻት። እንደገና ከመጀመሪያው እንይ አለችው፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። ዱላውን አነሣች። ከሰሌዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ባዶውን ነጭ ግድግዳ ቶክ አደረገችው።

ወንድሜ እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋ።

ቶክ። ወደ ላይ።

ቶክ። ወደ ግራ።

በመጨረሻ የደካው ሽማግሌ፣ ጠብታው ገና በዓይናቸው ውስጥ እያለ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል «ልጄ፣ እዚያ እኮ ምንም የለም» አሉት።

ወንድሜ ካርቶኑን ከረዳቷ እጅ ነጥቆ ጣለው። ዱላው የት እንዳለ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በሦስት እርምጃ ደረሰብኝ። የመጀመሪያው ቡጢው አልመታኝም፤ እኔ ሳልንቀሳቀስ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ የበሩን መቃን መታ፤ የጣቶቹ አጥንት ሲንቋቋ ሰማሁ። በአንድ ዓይን ርቀት መገመት እንደሚከብድ ያኔ አላውቅም ነበር። ሁለተኛው መታኝ። የተሰፋው ከንፈሬ እንደገና ተከፈተ። አንገቴን ይዞ ከወንበሩ ጎትቶ አወረደኝና ጭንቅላቴን ከሴራሚኩ ጋር አጋጨው። ካቴና ያለበት እጄ በመካከላችን ተጣብቆ ነበር። ሴቶቹ ጮኹ፤ የቢታዋ እናት ጃኬቱን ይዘው ወደ ኋላ ይጎትታሉ። ፖሊሱ በዱላ ትከሻውን መታው፣ ደግሞ መታው። አልለቀቀኝም። የተሰበረችውን ትንሿን ጣቴን በመዳፉ ጨብጦ ወደ ኋላ አጠፋት፤ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ ተናገረ።

«ለማን ብዬ ያጠናሁት መሰለህ?»

ከዚያ በአራተኛው ዱላ ለቀቀኝ።

ሲስተር ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጣችን፤ እሱን ብቻ አስቀረች። በሩ ስላልተዘጋ ሰማሁ። ሰሌዳውን ተወችው። አንድ ሜትር ላይ ቆማ ጣት አሳየችው፤ ስንት ነው አለችው። አያውቅም። ቀረበች። አያውቅም። እጇን ፊቱ ላይ ስታወዛውዝ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ አላት። ጠብታ ጨመረች፤ ጠበቀች፤ በመብራት ውስጡን አየች። ስትወጣ ስድስት በዘጠኝን በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ ፈርማለች። ለሚስቱ ነገረቻት፤ ከዓይኑ ጀርባ ምስሉ የሚያርፍበት ስስ ሽፋን ከቦታው ተላቅቋል፣ ገና ሁሉም አልተላቀቀም፣ ዛሬውኑ ወደ ጅማ ይሂድ፤ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ዋጋ አልነበረውም። በዚያው ቀን ሄደ። ከጅማ አዲስ አበባ ላኩት፤ እዚያ ቀዶ ሕክምና ተሠራለት።

እኔ ክስ ቀረበብኝ። ወረቀቱ ከባድ የአካል ጉዳት ይላል። ወንድሜ ዓይኑ ታሽጎ ፍርድ ቤት መጣና «መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ» ብሎ መሰከረ፤ መምህሩም መሰከረ። ቅጣቴ ተቀነሰልኝ እንጂ አልቀረም። ማረሚያ ቤት አሥራ አንድ ወር ቆየሁ። በእነዚያ ወራት ሚስቱ ምግብ ታመጣልኝ ነበር። እሱ አንድ ቀንም አልመጣም። አንድ ቀን ብቻ ከምግቡ ጋር ሜትር ላከልኝ፣ ያንኑ የብረቱን። በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች ስለት አለው ብለው መለሱት።

ስወጣ የት እንደምሄድ አላሰብኩም፤ እግሬ ወደ ዳገቱ ወሰደኝ። ወንድሜ ሞራሌ እየላገ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ወደ መጋዙ ጠቆመኝ። ሥራ ጀመርኩ።

ሐኪሞቹ ዓይኑ በየጊዜው እንዲለካ፣ ከወረደ ቶሎ እንዲመለስ አዘውታል፤ እሱ ግን ያን ክፍል ድጋሚ አልረግጥም ብሏል። ስለዚህ ሹካውን ራሴ ሠራሁት። ስልኬ ላይ ልኬቱን አነበብኩ። ትልቁ ሹካ ቁመቱም ስፋቱም ስምንት ሳንቲሜትር ከሰባት ሚሊሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ጥርስና በመካከሉ ያለው ክፍተት የዚያ አንድ አምስተኛ። ከኮምፔንሳቶ ቆረጥኩት፤ ጥቁር ቀባሁት፤ ነጭ ሰሌዳ ላይ በአንድ ምስማር አያያዝኩት፤ እንዲዞር። ከሥራ ቤቷ ምሰሶ ጀምሬ ስድስት ሜትር ለካሁና መሬቱ ላይ የቀረሮ ዛፍ ጉቶ ተከልኩ። ምሰሶው ሥር ቆሜ ከኋላዬ ደብቄ አዞረዋለሁ፤ ከዚያ አወጣዋለሁ። ድምፅ አላሰማም። አንድ ሹካ ስለሆነ የሚጠና ነገር የለውም።

በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ግራ ዓይኑን በመዳፉ ይዞ ጉቶው ላይ ይቀመጣል። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለው።

«ሹካ ነው ወይስ ግድግዳ?»

«ሹካ ነው፣ ጋሼ።»

ይሳደባል፤ እናታችንን ሳይነካ ሌላውን ሁሉ ይሳደባል። ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ ቆይቶ ይጠቁማል። አሥር ጊዜ አዞርለታለሁ፤ ስምንቱን ያገኛል። ስድስት በስድሳ ብዬ በእርሳስ ምሰሶው ላይ እጽፋለሁ። ጤነኛ ሰው ከስድሳ ሜትር፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የውኃ ቦኖ ቆሞ የሚያየውን ወንድሜ በቀኝ ዓይኑ ከጉቶው ላይ ያያል። ሰባት ወር ሙሉ ቁጥሩ አልወረደም። ስጽፍ ያየኛል፤ ለመጻፌ አይመታኝም።

በሌላ ነገር ግን ይመታኛል። ትናንት በመዶሻ እጀታ መቶኛል፤ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ጠቁሯል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን አንሥቼበት አላውቅም፤ ቁራጭ ሞራሌም በአጠገቤ መሬት ላይ አልተውም፤ እንደቆረጥኩ አንሥቼ ጥግ እደረድራለሁ።

ጣውላ አሁን በግራ ዓይኑ ነው የሚያየው። ገና አልለመደውም፤ ቀኙን ለመጨፈን ፊቱ በሙሉ ይጨማደዳል። ቀጥ ያለውን እንደ ድሮው ወደ እኔ ይወረውረዋል። የሚወረውረው ከቆምኩበት በስተግራዬ አንድ ስንዝር ያህል አሳልፎ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ጣውላዎች ግድግዳው ላይ ተሰበሩ፤ እሱም መያዝ አቃተህ ብሎ መታኝ። የት እንደሚያርፉ ለካሁ። አሁን ጣውላው ከእጁ ሲወጣ አንድ ስንዝር ወደ ግራዬ ፈቀቅ እላለሁ፤ ሳያመልጠኝ እይዘዋለሁ።